ደብዳቤውን አትጠብቁ፦ ከኮሎምበስ ከተማ የመረጃ ስርቆት በኋላ ምን እናድርግ?

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ መልስ ሳታርፉ ስለ ኮምፒውተር ስርቆት ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ከምናገረው ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጉ፤ ማለትም አበዳሪዎች የብድር ታሪካችሁን እንዳያዩ አስዘጉት። የከተማውን ደብዳቤ ሳትጠብቁ፣ ጠበቃ ሳትፈልጉ፣ ዛሬውኑ።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት የሆነውን ላስታውሳችሁ። ጁላይ 18፣ 2024 የከተማችን የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ አስተዳደር ኮምፒውተሮች ተጠቁ። ሪሲዳ የሚባል የዘራፊዎች ቡድን "6.5 ቴራባይት መረጃ ወስጃለሁ" ብሎ በ30 ቢትኮይን ለጨረታ አቀረበው። ገዢ ሲጠፋ ከ3 ቴራባይት በላይ የሚሆነውን ዳርክ ዌብ በሚባለው ድብቅ የኢንተርኔት ክፍል ላይ በነጻ በተነው። ኦገስት ላይ ከንቲባ አንድሩ ጊንተር ወጥተው "ፋይሉ የተመሰጠረ ወይም የተበላሸ ስለሆነ ለሌቦቹ አይጠቅማቸውም" አሉ። ሰዉ እፎይ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ ያንኑ ፋይል ከፍቶ ለጋዜጠኞች አሳየ። የሰው ስም አለ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለ፣ የወንጀል ተጎጂዎች መዝገብ አለ። ከንቲባውም የተናገሩት ትክክል እንዳልነበረ አመኑ። ከተማውስ ምን አደረገ? ባለሙያውን ከሰሰው! ክሱ በኋላ በስምምነት ተዘጋ፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ኖቬምበር ላይ ከተማው ለሜይን ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በላከው ማሳወቂያ የተጎዱት 500,000 ያህል እንደሆኑ ገለጸ። የኮሎምበስ ነዋሪ ከ900,000 ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ራሳችሁ አስሉት።

"እኔ የከተማ ሠራተኛ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ?" የሚል አይጠፋም። የትራፊክ ቲኬት ተቀጥታችሁ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ታውቃላችሁ? መኪናችሁ ተሰብሮ ለፖሊስ አመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ማዘጋጃ ቤት ስትገቡ በር ላይ መንጃ ፈቃዳችሁን ስካን አድርገውባችኋል? ከወጣው መረጃ ውስጥ የዐቃቤ ሕግ መዝገብና የማዘጋጃ ቤት እንግዶች መታወቂያ እንደሚገኝበት የከተማው ጋዜጠኞች ዘግበዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው ነጻ ነኝ ብሎ እንዳይዘናጋ። አድራሻ ቀይራችሁ ከሆነማ ደብዳቤው የቀድሞ ቤታችሁ ሄዶ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለእህቶቼ ልበል። ከሚደበድብ ባል ወይም ከሚያሳድድ ሰው ሸሽታችሁ፣ ፖሊስ ጋ ወይም ፍርድ ቤት ያስመዘገባችሁ ካላችሁ፣ የእናንተ ጉዳይ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አድራሻችሁ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የኦሃዮ ግዛት ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት የሚያስተዳድረው "ሴፍ አት ሆም" የሚባል ፕሮግራም አለ። የምትኖሩበትን ደብቆ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የምታስገቡት ሌላ አድራሻ ይሰጣችኋል። የምታመለክቱት በሠለጠነ ረዳት በኩል ነው። ለዚህ የምትፈልጉኝ ካላችሁ በግል አናግሩኝ፤ እዚህ ሰው ፊት እጅ ማውጣት አያስፈልግም።

ወደ ፍሪዙ ልመለስ። ከተማው ለተጎጂዎች የ2 ዓመት ነጻ የክሬዲት ክትትል ኤክስፒሪያን በሚባለው የክሬዲት ቢሮ በኩል ሰጥቶ ነበር። መመዝገቢያው በኖቬምበር 2024 መጨረሻ ተዘጋ። ያመለጣችሁ ብዙ አትቆጩ። ክትትል ማለት "በስምህ ብድር ተወስዷል" ብሎ የሚነግራችሁ ከተወሰደ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ፍሪዝ ግን አስቀድሞ በሩን ይዘጋል። አበዳሪው የክሬዲት ሪፖርታችሁን ማየት ካልቻለ በስማችሁ አዲስ ካርድ ወይም የመኪና ብድር መስጠት ይከብደዋል።

ፍሪዝ ድሮ በብዙ ግዛቶች ገንዘብ ያስከፍል ነበር። በ2017 ኤክዊፋክስ ራሱ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጣ። የክሬዲታችን ጠባቂ ነው የተባለው ድርጅት ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ሕግ አወጣና ከሴፕቴምበር 21፣ 2018 ጀምሮ ፍሪዝ በመላ አገሪቱ ነጻ ሆነ። ስለዚህ ማንም ብር ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ። "ሎክ" የሚባል ሌላ አገልግሎት ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ። አትቀበሉ፤ በሕግ የተደነገገው ፍሪዝ ነው።

ሦስት የክሬዲት ቢሮዎች ጋ ነው የሚደረገው፤ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን። አንዱ ለሌላው አይናገርም፤ ሦስቱም ጋ ለየብቻ መሄድ አለባችሁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቃችሁ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ መዝጋት፣ ክፈቱልን ስትሉ ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ መክፈት ግዴታቸው ነው። ቤት ልትከራዩ ወይም መኪና ልትገዙ ስትሉ ለጥቂት ቀን ታስከፍቱታላችሁ። የክሬዲት ነጥባችሁን አይቀንስም። ያላችሁን ካርድም አያግድም። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችሁም ማስደረግ ትችላላችሁ። የልጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌባ ሠርግና ምላሽ ነው፤ እስኪያድግ ድረስ ማንም አያየውም።

ፍሪዝ ሁሉን አይከለክልም። በስማችሁ ታክስ ሞልቶ ሪፈንዳችሁን የሚወስድ አለ። ለዚህ አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ 6 አሃዝ የምስጢር ቁጥር ይሰጣል። ጠይቁና ውሰዱ። ያ ቁጥር ካላችሁ፣ ያለሱ በሶሻል ሴኩሪቲያችሁ በኢንተርኔት የሚላክ ታክስ ተቀባይነት የለውም። ታክስ ከሚሠራላችሁ ሰው በቀር ለማንም እንዳትሰጡት። ባንክ ሒሳብ በስማችሁ እንዳይከፈት ደግሞ ባንኮች ሒሳብ ከመክፈታቸው በፊት የሚያዩትን መዝገብ የሚይዘው ቼክስሲስተምስ የሚባለውም ድርጅት ጋ ፍሪዝ አለ፤ እሱም ነጻ ነው።

የስልኩን ነገር አጠር ላድርገው። ከከተማው ነኝ፣ ከባንክ ነኝ፣ ካሳችሁ ደርሷል እያለ የሚደውል ይበዛል። ስማችሁንና አድራሻችሁን ስላወቀ እውነተኛ አይሆንም። የተሰረቀው ራሱ ይኸው መረጃ አይደል! ዝጉት።

በስሙ ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ካለ አይፈር። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያመልክት። ኮሚሽኑ በአማርኛም የተዘጋጀ መረጃ አለው። ከዚያ የሚወጣው ሪፖርት ኃይል አለው። ከመታወቂያ ማስረጃ ጋር አያይዛችሁ ስትልኩት የክሬዲት ቢሮዎቹ የሌባውን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ከሪፖርታችሁ ማገድ አለባቸው። ከባንክ ሒሳባችሁ ገንዘብ ከወጣ ግን ስቴትመንቱ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ሳያልፍ ለባንኩ አሳውቁ። ከዚያ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ ባንኩ ኃላፊነት ላይወስድ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፤ "ከተማውን መክሰስ እንችላለን ወይ?" እኔ ጠበቃችሁ አይደለሁም፤ እውነቱን ግን አልደብቃችሁም። መንገዱ ጠባብ ነው። የኦሃዮ ሕግ ለከተሞች ሰፊ ያለመከሰስ ከለላ ይሰጣል። ጠባብ የሆኑ በሮች አሉት፤ ያንን በር ማግኘት የጠበቃ ሥራ ነው። ብታሸንፉ እንኳ ከተማን ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመር ካሳ የለም። የመረጃ መጥፋትን በ45 ቀን ውስጥ የማሳወቅ ግዴታም በሕጉ አለ። ይህን የማስከበር ሥልጣን የተሰጠው ግን ለኦሃዮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ለእሱ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ነጻ ነው፤ አስገቡ።

በፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ "ምን ተጎዳህ?" የሚለው ጥያቄ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማችን መሀል ያለው ኔሽንዋይድ ኢንሹራንስ በ2012 መረጃ ተሰርቆበት ነበር። በ2016 ኦሃዮን የሚያጠቃልለው የ6ኛው ቀጠና የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተጎጂዎቹ ሌባው እስኪዘርፋቸው መጠበቅ የለባቸውም ብሎ ክሳቸው እንዲቀጥል ፈቀደ። በ2021 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ ወደፊት ይደርስ ይሆናል የሚባል ጉዳት ብቻውን ካሳ አያስገኝም አለ። ከዚህ ለእኛ የሚወጣው ትምህርት ወረቀት መያዝ ነው። ደብዳቤውን ከነፖስታው አስቀምጡ። ለዚህ ጉዳይ ያወጣችሁትን ደረሰኝ፣ ስልክ ላይ የፈጃችሁትን ሰዓት፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ።

ከስርቆቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶችና ነዋሪዎች በከተማው ላይ የቡድን ክስ፣ ማለትም ጥቂቶች በተጎጂዎች ሁሉ ስም የሚያቀርቡት ክስ፣ መሥርተዋል። በእንዲህ ያለ ክስ ስምምነት ከተደረሰ ማስታወቂያ ይላካል፣ ካሳ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ፎርም ሞልቶ በቀኑ የላከ ብቻ ነው። የራሴን ክስ እመሠርታለሁ የሚል ሰው ደግሞ ከተማን ለመክሰስ በጥቅሉ ያለው ጊዜ 2 ዓመት መሆኑን ይወቅ። ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ጠበቃ ይንገረው፤ ሳይረፍድ ይጠይቅ። "ካሳ አስገኝላችኋለሁ፣ ቅድሚያ 200 ዶላር ክፈሉ" የሚል ሰው ከመጣ ግን ሐበሻም ቢሆን ሽሹት። የቡድን ክስ ጠበቆች የሚከፈላቸው ከሚገኘው ካሳ ላይ ነው።

ጨርሻለሁ። ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ልጆቻችን ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስቱንም ፍሪዝ እዚሁ ያስጨርሷችኋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ጮክ ብላችሁ አትንገሯቸው፤ ራሳችሁ ጻፉት። የይለፍ ቃላችሁንም ለእነሱ ሳይሆን ለራሳችሁ ደብተር ስጡ። በዕድሜ የገፉት አባቶችና እናቶች ይቅደሙ፣ ሌላው ቡናውን ይዞ ይሰለፍ።