ኪው ያለ ዩ

ባለፈው ክፍል ማብቂያ ላይ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል ስለሚሠሩበት ጨዋታ፣ ስለ ስክራብል፣ ጀምሬ ድንገት ማቋረጤን የታዘባችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ ዛሬ እቀጥለዋለሁ። ያቋረጥሁት ሽማግሌው ጎረቤቴ ሰሌዳው ላይ ያኖሯት አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለችኝ ነው።

እንደምታውቁት በከረጢቱ ውስጥ ካሉት 100 ጠጠሮች መካከል ኪው (Q) የምትባለው ፊደል የተጻፈባት አንዲት ብቻ ናት። ዋጋዋ 10 ነጥብ ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ ዩ (U) ሳትከተላት የምትገባበት ቃል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ጨዋታው ሲያልቅ በእጁ የቀረችበት ሰው ያንኑ 10 ነጥብ ይቀነስበታል። በዚያ ምሽት አራቱም ዩዎች ወጥተው አልቀው ነበር፤ ኪው ግን አልታየችም፣ እኔም ጋ አልነበረችም። ስለዚህ እሳቸው ዘንድ መሆኗን ተረድቼ፣ ይቅር ይበለኝና፣ በልቤ ደስ እያለኝ ነበር።

እሳቸው አልቸኮሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያም ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብለው የቃሉ ነጥብ ሦስት እጥፍ በሚሆንበት ቦታ ላይ አሰፈሩና «36» አሉ። እኔም ሰሌዳውን አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሦስት ፊደል ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ቃት፣ የእኛው ጫት፤ ከድምፁም በኋላ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የጫት ገበያዋ አወዳይ መጣች፣ ንጋቱ፣ የሴቶቹ ጫጫታ፣ አክስቴ ጉልበታቸው ላይ የጫቱን እስር፣ ዙርባውን፣ ሲያስሩ መጣ። «ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትርጉሙን አላውቀውም፤ ዩ የማያስፈልጋት የኪው ቃል ናት» አሉኝ፤ አነጋገራቸውም የሚያፍር ሰው አነጋገር አልነበረም፣ ሙሉ መልስ የሰጡ ነበር የመሰላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ልነግራቸው የምችለው ብዙ ነበር። ቅጠሉ ትኩስነቱን ካጣ ዋጋ ስለሌለው የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው ለምን እንደሆነ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት ይመጣ እንደነበረ፣ በዚህ በአሜሪካ ደግሞ ካቲኖን የተባለው የቅጠሉ ንጥረ ነገር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ጥብቅ ክልከላ ካለባቸው ዕፆች መደብ መግባቱን ማስረዳት እችል ነበር። ቃሉ ሰሌዳው ላይ ተፈቅዶ ቅጠሉ ኪስ ውስጥ የማይፈቀድ መሆኑ ራሱ ያስቃል። እኔ ግን «ቅጠል ናት» ብቻ አልሁ። እሳቸውም «እንግዲህ ተራው ያንተ ነው» አሉኝ።

ኋላ እንደተረዳሁት ቃሏ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀች ናት። በመዝገባቸው፣ ማለትም ለጨዋታው በተፈቀዱት ቃላት ዝርዝር፣ ሦስት አጻጻፍ አላት፤ በኪው 12፣ በኬ 7፣ በኬና በኤች 11 ነጥብ ታወጣለች፤ ቅጠሉ ያው አንድ ቅጠል ሆኖ ማለት ነው። ያለ ዩ የሚቆሙትን ሌሎቹን የኪው ቃላት ብታዩ ደግሞ ብዙዎቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ሥራ ያጣው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ጨዋታውን ሲፈለስፍ የፊደላቱን ዋጋ የተመነው የጋዜጣ ገጾች ላይ እየቆጠረ ነበር። በእነዚያ ገጾች ላይ የእኛ ሰፈር ቅጠል ስንት ጊዜ ሊገኝ ይችል ነበር?

ፊደላትን ስትሰጧቸው ቃላቱን የሚዘረዝሩት ፕሮግራሞችም ትርጉም የሚባል ነገር አይነኩም። በመዝገቡ ያለውን የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት ከኤ እስከ ዜድ ባለው ተራ ይደረድሯቸዋል፣ የእናንተንም ፊደላት እንዲሁ፤ ሁለቱ ድርድሮች ከገጠሙ ቃሉ ተገኘ። ማዳመጥን የሚያመለክተው ሊስን እና ዝምተኛ የሚለው ሳይለንት፣ ፊደሎቻቸው አንድ ስለሆኑ፣ በዚያ ድርድር ላይ አይለያዩም። ታላላቆቹ ተጫዋቾችም በዚሁ መንገድ ይሸመድዳሉ፤ የኒውዚላንዱ ናይጅል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቋንቋ እንዲህ ባዶውን ይወሰዳል ወይ አልሁ። ቀጥሎ ግን ንዴቴን የሚያዳክም ነገር ትዝ አለኝ፤ በእኛ ሰፈር የቄስ ትምህርት ቤቱም የቁርኣን ቤቱም ሕፃኑን በመጀመሪያ የሚያስተምሩት ንባቡን ነው፤ ልጁ ዳዊቱን ሲደግም ግእዙን እንዲረዳ ማንም አይጠብቅበትም፣ ትርጓሜው ለደረሰበት በኋላ ይመጣል። እኔስ ብሆን እንግሊዝኛን በምን መንገድ ተማርሁት? ብላክቦርድ ላይ የተዘረዘሩትን ቃላት ሸምድጄ አይደለም? እንዲያ ከሆነ ሽማግሌው ምን አጠፉ? ነገር ግን ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ አይጥመኝም፤ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ቢያንስ የያዘው ነገር ታላቅ መሆኑን ያውቃል፣ እሳቸው ግን 36 መሆኑን ብቻ…

ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ስነግራቸው በጣም ሳቁ። «ታዲያ ያ ነጥብ ሲመነዘር ስንት ብር ይሆናል?» አሉኝ። ብር ራሱ በመዝገቡ የሚገኝ ቃል እንደሆነና 6 ነጥብ ብቻ እንደሚያወጣ ስነግራቸው «ጫቱ ከብሩ ከበለጠ ጨዋታው አዋቂ ነው» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። እኔ እንዳሰብሁት አልከበዳቸውም፤ ይህም ትንሽ አስከፋኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን የሚረብሸኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን ኪው ለእኔ ደረሰችኝ፤ ኤም ቲም በእጄ ነበሩ። በሁለት እጥፍ ላይ አስቀምጬ 24 ብዬ ጻፍሁ፣ ጎረቤቴም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ገበያው፣ ስለ ዙርባው፣ ስለ አክስቴ አንድም ነገር እንዳላሰብሁ የታወቀኝ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ምናልባት ሰው ሲጫወት እንዲህ ነው፤ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል እየተከዘ የሚያኖር ሰው ጊዜው ያልቅበታል። ወይም ደግሞ… አይ፣ ይህን እንኳ እንደዚያ ማለት አልፈልግም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤ 24 ነጥብ ጥሩ ነጥብ ነው፣ እና ያ ደስታ የማን እንደነበረ፣ የተጫዋቹ ይሁን የአወዳዩ ልጅ፣ እስካሁን…