ማን ነው የተቀመጠባት?

እሺ… ባለፈው ስላወራኋችሁ ብስክሌቴ የምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ አለች፤ ሰንሰለቷም እንደወለቀ ነው። ዛሬ ግን እሷን አላወራም። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ ብሎኛል።

ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን አባባን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያወጣኋትን የጣናን ምስል አሳየኋቸው። ንጋት ነው፣ ጉም አለ፣ አንድ ሰው ታንኳ ላይ ተቀምጧል። «85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የማለዳ ብርሃን» ብዬ ለማሽኑ ጽፌ ነው ያወጣኋት፤ የጋቢው ክር ሳይቀር ይታያል። በጣም ነው የምታምረው። አባባ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ደግሞ አስጠጉ።

«ይህ ሰው ይሰጥማል» አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ግን ሰውየው የምር አሳስቧቸዋል። «ማሰሪያው የት አለ? ደንገሉ እኮ ዝም ብሎ ነው የተደረደረው። ውሃ ሲጠጣ ይበተናል። ንገረው፣ ይውጣ።»

ንገረው፣ ይውጣ!

እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ማሽን ነው የሠራው አልኳቸው። ቆይ፣ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ለሳቸውም እንዲሁ ነው የነገርኳቸው። የድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠፋበት የሚያሳየው ነጠብጣብ አለ አይደል? ማሽኑ የሚነሳው ከዚያ ነው። የጻፍክለትን እያየ ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ ያጠራዋል፣ በመጨረሻ ሰው ይወጣል። ይህን የሚማረው ካየው ምስል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለው ምስል ሠሪ የተማረው ላዮን ከሚባል የምስል ክምችት በተወሰደ ነው፤ ያኔ እዚያ 5.85 ቢሊዮን ምስል ከነመግለጫው ነበር፣ 2.3 ቢሊዮን ያህሉ መግለጫው እንግሊዝኛ ነበር። የእንጨት ጀልባ እንደ ጉድ ይኖራል። የኛ ታንኳ ግን ስንት አለ? ብርሃን የትም ብርሃን ነው፣ እሱን ያውቃል። የአባባን አስተሳሰር የት አይቶት?

ደግሞ ዳር ዳሩን ሐምራዊ አበባ ነስንሶበታል፤ እኔ አላዘዝኩትም። እምቦጭ ነው እኮ! በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የሚነቅለው አረም እዚያ ጌጥ ሆኗል። እኔም መጀመሪያ ሳየው «ደስ ይላል» ብዬ አለፍኩት። እኔ፣ የባሕር ዳር ልጅ…

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ ማሰሪያው።

ማክሰኞውኑ የሳቸውን ታንኳ ፎቶ አነሳሁ፤ እንድትደርቅ ዳር ላይ አቁመዋት ነበር። ማታ ፎቶዋን ለማሽኑ ሰጥቼ፣ ሌላውን ሳልነካ የጀልባውን ቦታ ብቻ እንደገና አሠራሁት። ሐሙስ ይዤላቸው ሄድኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

ዝም አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ማሰሪያውን አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ከዚያ «ይቺ የኔ ናት» አሉ። እኔም «አዎ አባባ!» አልኩ፣ በደስታ።

«ታዲያ ማን ነው የተቀመጠባት?»

ቁጣ አልነበረበትም። በቅሎው ላይ የማያውቀውን ሰው ያየ ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ አፌ ተያዘ። ማክሰኞ «የለም» ያልኳቸው ሰውዬ ነው፤ ሐሙስ የሳቸው ታንኳ ላይ ተቀምጧል። አሁን «የለም» ብል… እንዴት ነው የሚባለው? ደግሞ አላስፈቀድኳቸውም። ለታንኳ ፎቶ ማን ያስፈቅዳል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ምስሏን ግድግዳዬ ላይ ልስቀላት፣ ልግዛህ ብሎኛል። ገንዘቡን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሻችሁም። ለአባባ ላካፍላቸው ብዬም አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ ነው የምሰጣቸው? የምን ዋጋ ነው?

እና ትናንት ማታ ተኝቼ ምን መጣብኝ መሰላችሁ? ለምን እሳቸውን ራሳቸውን፣ በገዛ ታንኳቸው ላይ ፎቶ አላነሳኋቸውም? ካሜራ አለኝ። ቤታቸው ቅርብ ነው። ማክሰኞም ሐሙስም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንዴም፣ አንዴም አልመጣልኝም።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ታንኳዋ ዳር ላይ የለችም። ራቅ ብሎ ውሃው ላይ አንድ ሰው ይታያል። ጉም ነበር… እሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው መለየት አልቻልኩም። ካሜራውን አውጥቼ…

አይ፣ ቆይ። እሱን ሌላ ቀን።