ሲኒ ስሙን ከየት አመጣ?
(በቻይና ለተማሩ ኢትዮጵያውያን ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

አዘጋጆቹ ስለ ቻይና ባቡር እንድናገር ጠይቀውኛል። የፈጣኑን ባቡር ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከቤይጂንግ ሻንጋይ ያለውን 1,318 ኪሎ ሜትር ከቁርስ እስከ ምሳ ጨርሰን አብረን ተደንቀናል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ዘገምተኛው አረንጓዴ ባቡር ልናገር ነው።

ናንጂንግ ተማሪ ሳለሁ አንድ ማታ በሸክላ ሥራዋ ወደታወቀችው ከተማ ወደ ጂንግዴዠን ተሳፈርኩ። ወንበሩ ደረቅ፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ፣ ሰዉ በየተራ እየተነሣ ከፉርጎው ጫፍ የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ጉዞ ነበር። ሲነጋ አንድ ሸክላ ሠሪ አዛውንት ቤት ደረስኩ። በከፊል የደረቀ ሲኒ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ደፍተው በስለት ይልጡታል። ልጣጩ እየተጥመለመለ ጉልበታቸው ላይ ይወድቃል። ደግሞ ያቆሙና በጥፍራቸው መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ውፍረቱን የሚነግራቸው ድምፁ ነው። አጠገባቸው ልጃቸው ኮባልት በሚባል የማዕድን ቀለም አበባ ትስላለች። ቀለሙ ያን ጊዜ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው እቶን ገብቶ በ1,300 ዲግሪ ገደማ ሲተኮስ ነው። ልጅቱ የምትስለውን ሰማያዊ በዓይኗ ሳታየው ትስላለች! በ1637 የታተመ የቻይና መጽሐፍ አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ72 እጅ ያልፋል ይላል።

ለአዛውንቱ በአገራችን የቡና መጠጫው ስም «ሲኒ» እንደሆነ፣ ቃሉም ከዐረብኛ የመጣና «የቻይና» ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቁመው «ሲኒ፣ ሲኒ» እያሉ ደጋገሙት።

እንግዲህ ቡናችንን በቻይና ስም የምንጠጣ ሰዎች፣ ዛሬ ቶሎ የተሰበረውን ሁሉ «ምን ይደረግ፣ የቻይና ነው» እንላለን። ሌላው ቢል ስላላየ ነው። እዚያ ኖረን፣ በእነርሱ ገንዘብ ተምረን የመጣን እኛ ግን እንዴት አብረን እንላለን? ርካሹን መርጦ ያዘዘው የእኛው ነጋዴ ነው! ከርካሹ በቀር አንገዛም ያልነውም እኛው ነን! የእነዚያ አዛውንት እጅ ስድብ አይገባውም!

እዚያም ቢሆን በማሽን የታተመውን «በእጅ የተሳለ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ፤ እኔም ተታልዬ ገዝቻለሁ። የእጁ ሥራ ቀለሙ አንድ ቦታ ጠቆር፣ አንድ ቦታ ሳሳ ይላል።

የእጅ ሥራቸው ሸክላ ብቻ አይደለም። ናንጂንግ ላይ በአንድ ትልቅ የሽመና ዕቃ ሁለት ሰው ይሠራል፤ አንዱ ከላይ ክር ይስባል፣ አንዱ ከታች ይሸምናል። ከዚያ በባቡር ብዙም የማይርቀው ሱዡ ደግሞ በሐር ጥልፉ የታወቀ ነው። ለትምህርት የምትልኳቸው ልጆች እዚያም ይውረዱ።

አዛውንቱ የሰጡኝን ሲኒ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው ፈልቷል፤ ረከቦቱ ላይ ከዳር ያለው እርሱ ነው። ከመቀዳቱ በፊት በጥፍራችሁ መታ አድርጋችሁ ስሙት።