ብርድ ያቆመው ጣፋጭነት

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የጆርጂያ ወይን ላወራችሁ ነው፤ ኽቫንችካራ ይባላል።

ከእናቴ ጋን ልጀምር ግን። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እናቴ ጠጅ ስትጥል ጋኑን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። «ብርድ ከመታው አይፈላም፣ ብርዝ ሆኖ ይቀራል» ትላለች። ስለዚህ እኔ ብርድ የመጠጥ ጠላት ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ኽቫንችካራን አንዲት ጓደኛዬ ቤት ስቀምሰው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስኳር የጨመሩበት ነበር የመሰለኝ። ጣፋጭ ቀይ ወይን ሲባል ሁሌም እንደዚያ አስብ ነበር። ደግሜ ስቀምሰው ግን እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ከኋላው ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ነገር አለ፤ ምላስ ላይ አይከብድም። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ።

አገሩ ራቻ የሚባል የጆርጂያ ክልል ነው። ከካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ አምብሮላውሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ፣ ከሪዮኒ ወንዝ በስተቀኝ ፊታቸውን ለደቡብ ፀሐይ የሰጡ ተዳፋቶች አሉ። አሌክሳንድሮኡሊና ሙጁሬቱሊ የሚባሉት ሁለት የወይን ዓይነቶች እዚያ ይበቅላሉ። ለቀማው ዘግይቶ ነው፣ ጥቅምት ውስጥ፤ ፍሬው ስኳር በደንብ እስኪይዝ ይጠበቃል። እና ጭማቂው መፍላት ሲጀምር የተራራው የብርድ ወቅት ይደርስበታል። ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ሳይለወጥ እርሾው እጁን ይሰበስባል። የቀረው የራሱ የፍሬው ጣፋጭነት ነው፣ ማንም የጨመረው አይደለም። ዛሬ በርግጥ ማቀዝቀዣ ያለው በርሜል ነው ያንን ሥራ የሚሠራው፤ መነሻው ግን የአገሩ ብርድ ነው። እናቴ በጋቢ የምትከላከለው ብርድ!

ሌላው የጆርጂያ ወይን ኪንድዝማራውሊም ከፊል ጣፋጭ ቀይ ነው፣ እሱ ግን የካኸቲ ነው፣ በምሥራቅ፤ ፍሬውም ሳፔራቪ ነው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ስለ ኽቫንችካራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የስታሊን ስም ነው፣ ይወደው ነበር እየተባለ። ወይኑ ግን ከእሱ ሥልጣን በፊት የኪፒያኒ ቤተሰብ ወይን ተብሎ ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ቤልጂየም ኦስተንድ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ኽቫንችካራ በሚባለው መንደር ስም የተጠራው በሶቪየት ዘመን ነው። ያንን ተዳፋት በእጃቸው የኮተኮቱ ሰዎች እያሉ በአንድ መሪ ስም መሸጡ ልክ አይመስለኝም።

ራቻ ደግሞ ብዙ አይቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1991 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል፤ በጆርጂያ ሕዝብ ከሳሳባቸው ክልሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ስታግድ፣ እስከ 2013 ድረስ፣ ዋናው ገበያ ተዘጋ። መሬቱ ጠባብ፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ በስሙ የሚሸጥ ሐሰተኛ ወይንም ሞልቶ ነበር። ስትገዙ የሁለቱን ፍሬዎች ስም ጠርሙሱ ላይ ፈልጉ፣ እባካችሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«ብርዱ መታው?» አለች።

«አዎ እማ።»

«ሳይበላሽ?»

«ሳይበላሽ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እስቲ ለፋሲካ ስትመጪ አምጪልኝ» አለች።

ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።