የሚጫወተው ማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ!

የሙዚቃ ማዳመጫ ቡድናችን አስተባባሪዎች «ስለ ፈረንሳይ የፒያኖ ሙዚቃ ቅጂዎች አንዳንድ ጥቆማ ስጠን፣ ግን አታስረዝመው» ብለውኛል። ጥቆማውን እሰጣለሁ። አለማስረዘሙን ግን ቃል አልገባም፤ መቼም ታውቁኛላችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር አንገብግቦኝ ነው። በቴሌግራም ግሩፓችን «አሪፍ ዴቡሲ» እየተባለ የዚያ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ሊንክ ይላካል። ስከፍተው የጨረቃ ፎቶ አለ። ከሙዚቃው ጋር የዝናብ ድምፅ ተቀላቅሏል። ከሥር «ለእንቅልፍ» ይላል። የሚጫወተው ማን ነው? አልተጻፈም። መቼ ተቀዳ? እሱም የለም። ሰው ይጫወተው፣ ኮምፒውተር ይጫወተው የሚነግረን እንኳ የለም! እስቲ የጥላሁንን ዘፈን ስትጠብቁ ሌላ ሰው ሲዘፍነው ብልክላችሁ፣ «ያው ዜማው አንድ ነው» ብላችሁ ታልፉኛላችሁ? በድንጋይ ነው የምታባርሩኝ።

«የሰመጠችው ካቴድራል»ን የሰማንበትን ምሽት የምትረሱት አይመስለኝም። ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ይህ ዴቡሲ በ1910 ካሳተመው የመጀመሪያው የፕሬሉድ፣ ማለትም የአጫጭር ድርሰቶች፣ መጽሐፍ አሥረኛው ነው። መነሻው በፈረንሳይ የብሪታኒ ክፍለ ሀገር ሰዎች የሚያወሩት ተረት ነው። ኢስ የምትባል ከተማ ባሕር ዋጣት፤ ካቴድራሏ ግን አንዳንዴ ጎህ ሲቀድ ከነደወሏ ከውኃው ብቅ ትላለች ይላሉ። እና ያን ቀን አንዱ ወንድማችን ሁለት ቅጂ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ሰማን። ቀስ ያለ፣ ግርማ ያለው፣ ልክ እንደ ቅዳሴ። ሁላችንም ረካን። ሁለተኛው ሲጀመር ግን መሃሉ ላይ ድንገት ፈጠነ። ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ «ይሄ ልጅ ሻይ ሊደርስበት ነው እንዴ የሚቸኩለው?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ክርክሩ ቀጠለ። ሁለት ሰዎች እስከመኮራረፍ ደረሱ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ዛሬም ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

የቸኮለው «ልጅ» ማን ሆኖ ተገኘ? ራሱ ዴቡሲ!

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቬልተ ሚኞን በሚባለው የጀርመኖች መሣሪያ ላይ ተጫውቷል። መሣሪያው ድምፅ አይቀዳም። የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ በጥቅል ወረቀት ላይ ይመዘግባል፤ ከዚያ ወረቀቱ እየተበሳ ይዘጋጅና ሌላ ፒያኖ ላይ ሲገጠም ፒያኖው ራሱ ይጫወታል። ዛሬ የምንሰማው ያ ጥቅል ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጫወት የተቀዳውን ነው። ስለዚህ የድምፁን ውበት በዚያ አትፍረዱ። ፍጥነቱን ግን ስሙ። ዴቡሲ አንዳንዱን ክፍል በእጥፍ ያፈጥነዋል። በመጀመሪያ በታተመው ኖታ ላይ ግን እንዲህ አድርጉ የሚል ምልክት የለም! ኖታውን ብቻ አምኖ የሚጫወት ፒያኒስት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ጥቅሉን የሰማ ይፈጥናል። አንድ ኖታ፣ ሁለት ካቴድራል። እንግዲህ «ዴቡሲን ስሙ» ብቻ ብላችሁ ስትልኩልኝ፣ የትኛውን ነው የምሰማው?

በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጣቱን ያደክማል፣ አንዲት ፔዳል መቼ እንደምትለቀቅ ዕድሜ ልኩን ያስባል። እኛ ደግሞ ስሙን ቆርጠን ጥለን የጨረቃ ፎቶ እንለጥፍበታለን። ስም የሌለው ጥቆማ ጥቆማ አይደለም! ያልኩት ትክክል ከሆነ አጨብጭቡ፤ ካልሆነም ተነሱና ተከራከሩኝ።

እሺ፣ ወደ ጥቆማው። ከአንድ ሰው ጀምሩ ካላችሁኝ ቫልተር ጊዘኪንግ ነው። ከጀርመን ወላጆች ሊዮን ተወለደ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የዴቡሲን የፒያኖ ሥራዎች ቀዳ፤ በ1956 ሞተ። ቅጂው ሞኖ ነው፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ የተቀዳ፤ ድምፁ ትንሽ ይሳሳል። ግን የፒያኖን ገመድ ከሚመታ መዶሻ የወጣ ድምፅ አይመስልም። እሱን ስትጠግቡ አርቱሮ ቤኔዴቲ ሚኬላንጄሊ በ1971 የቀዳውን የዴቡሲን «ኢማዥ» ስሙ። ጭጋጉ ሁሉ ይጠፋል፣ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ተወልውላ ትቆማለች። ቀዝቃዛ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለሌላው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ለራቬል ደግሞ ፒያኒስቱ ቭላዶ ፔርልሙተር አለላችሁ። በ1927 ሥራዎቹን ራሱ ራቬል ፊት ቀርቦ ያጠና ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ቀድቷቸዋል፣ በ1950ዎቹ እና በ1970ዎቹ። ጣቱ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ እኔ ግን ከብዙ ንጹሓን እሱን እመርጣለሁ። «ጋስፓር» የተባለውን የራቬል ሥራ ልባችሁ እስኪመታ መስማት ከፈለጋችሁ ማርታ አርገሪች፣ 1974። ሳምሶን ፍራንስዋንም አትርሱ፤ የዴቡሲን ሙሉ ሥራ እየቀዳ ሳይጨርስ በ1970 ዐረፈ።

አንዲት ነገር ጨምሬ ልውረድ። ፈረንጆች የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሲሰሙ ዴቡሲንና ሌላውን ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ሳቲን ይጠራሉ። ይጥሩ፣ ችግር የለብኝም። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፤ የምዕራቡን ሙዚቃ ያውቁት ነበር፣ ዜማችንም አብሯቸው ነበር። በ2006 ፓሪስ ውስጥ ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበም ተከታታይ በ21ኛ ቅጽ የወጣውን ስሙ፤ የራሳቸው ድርሰት፣ በራሳቸው እጅ። ታዲያ እሱንም «ዘና የሚያደርግ ፒያኖ» ብሎ ስማቸውን ሳይጠራ የላከልኝ ሰው አለ! ከመካከላችን ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ኑ። የፒያኒስቱ ስም፣ የተቀዳበት ዓመት፣ ለምን እንደመረጣችሁት አንድ መስመር። ሦስቱን ያላሟላ ለቤቱ ሙሉ ማኪያቶ ይከፍላል። ጋሼ፣ እርስዎንም ይመለከታል!