አዲስ ብራኬት ከመግጠማችን በፊት አሮጌውን ቀዳዳ እንድፈን

የተከበራችሁ የጀልባ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ረዳቶች፣ ከዘጌና ከጎርጎራ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ሰብሳቢያችን በበጋው ወራት ስለ ጀልባ ደህንነት እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እላለሁ። የመጣሁት ግን ለአንድ ነገር ነው።

ባለፈው ስብሰባ ጥሩ ውሳኔ ወስነናል። ሰው ጭኖ ወደ ጣና ደሴቶች የሚሄድ ጀልባ ሁሉ መጠባበቂያ ሞተር ይያዝ ብለናል። ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስ ድረስ ምዕመናን ይዞ በአንድ ሞተር መሄድ ልክ አይደለም። ሁለተኛው ሞተር ግን መሸከሚያ ይፈልጋል። መሸከሚያው፣ ማለትም ብራኬቱ፣ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰሞኑን እዚህ የተቀመጥን ሁሉ ትራፓን ይዘን ከጀልባችን የኋላ ግድግዳ ፊት ልንቆም ነው።

ከመብሳታችሁ በፊት ስሙኝ።

ያ ግድግዳ ባዶ አይደለም። አብዛኞቹ ጀልባዎቻችን ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው። ሞተር ተቀይሮባቸዋል። መሰላል ተገጥሞ ተነቅሎባቸዋል። የድሮው ባለቤት የሰቀለው ነገር ሁሉ የራሱን ቀዳዳ ትቶ ሄዷል። ከውጭ የምናየው ፋይበርግላስ ነው። መሃሉ ግን በብዙዎቹ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እንጨት ነው። ሞተሩን የሚሸከመው ያ እንጨት ነው። ፋይበርግላሱ ከፊትና ከኋላ ይዞታል። በቀዳዳው የገባ ውሃ በእንጨቱ ጭረት እየተሳበ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሄዳል። መውጫ የለውም። ፀሐይ አያገኘው፣ ነፋስ አያገኘው።

«ቀዳዳው እኮ ከውሃው በላይ ነው» የሚሉኝ አሉ። ጀልባዋ ስትሮጥ ልክ ነው። በድንገት ጋዝ ስትቀንሱስ? ከኋላ የሚከተላት የራሷ ማዕበል መጥቶ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ዝናብ ይወርድበታል። የጣና ውሃ ጨው የለውም። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ደግሞ ከባሕር ውሃ ይልቅ እንዲህ ያለ ውሃ ይመቸዋል። ስለዚህ የእኛ ሀገር ጀልባ ቀዳዳው ከባሕር ጀልባ ይበልጥ ያሰጋዋል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ታንኳቸውን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ጎትተው ያደርቁ ነበር። ደንገሉ ውሃ ከጠጣ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ማንም አላስተማራቸውም። እኛ ሞተር ስለገጠምን ይህን መርሳት የለብንም።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የነበራችሁበትም አላችሁ።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያነገሡ ምዕመናን ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር እየተመለሱ ነው። ነፋሱ ተነስቷል። ከጀልባዎቹ አንዷ የአንዲት እናታችን ናት። ባላቸው ሲያርፉ ልጆቻቸውን ላሳድግ ብለው በዕቁብ ገንዘብ የገዟት ጀልባ ናት። ቀለሟ አዲስ፣ ብራኬቷ የሚያብረቀርቅ። ስትሸጥላቸው «እትዬ፣ ምንም አትስጉ፣ ከኋላዋ ሙሉ በሙሉ ታድሳለች» ተብለዋል። ካፒቴኑ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። መንገድ ላይ እምቦጭ ፕሮፔለሩን ያዘው። ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንዳደረገን ለእናንተ አልነግርም። ልጁ ሁላችንም እንደምናደርገው ለማላቀቅ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ። ያኔ ከኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብራኬቱ ዘመመ። ሞተሩ ከነብራኬቱ ወደ ውሃው አጋደለ። በብሎኖቹ ዙሪያ ግድግዳው ተከፍቶ ውሃ ይገባ ጀመር።

ጀልባዋ ላይ አሮጊቶች ነበሩ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰዉን ወደ ፊት አስጠግቶ፣ ጨርቅ እየጠቀጠቀ እርዳታ ጠራ። እዚህ መካከል ከተቀመጣችሁት ሁለት ጀልባዎች ደርሰው ሰዉን ሁሉ አወጡ። እመቤታችን ትመስገን፣ የሞተ የለም። ለደረሳችሁት ወንድሞቼ ግን በአደባባይ ምስጋና አልቀረበላችሁም። እኔ ዛሬ አቀርባለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ጀልባዋ ወደ እኔ መጣች። ብራኬቱን ፈታሁት። ከሥሩ የድሮ ሞተር ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አንዱም አልተደፈነም። ሲሊኮን ተቀብቶባቸው፣ ብራኬት ተጭኖባቸው፣ ቀለም ተነፍቶባቸዋል። ሚስማር በእጄ ብገፋው ያለ መዶሻ ገባ። ኮምፔርሳቶውን በጣቴ እየዘገንኩ አወጣሁት። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ግድግዳውን በሙሉ ቆርጦ ከመለወጥ ሌላ መፍትሔ አልነበረም። የዕቁቡ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ወጣ። እኚያ እናት እንደገና ተበደሩ።

ሥራውን የሠራው ጋራዥ ማን እንደሆነ አልናገርም። ሥራውን ግን እናገራለሁ። ያ ሰው ቀዳዳዎቹን አይቷል! ብራኬቱን ያስቀመጠው በእጁ ነው። አይቶ ሸፈነ። ይህ የሙያ ጉድለት አይደለም፤ ሰውን ማታለል ነው። ሕፃን ያዘለችን እናት ሕይወት በአንድ ቱቦ ሲሊኮን መሸጥ ነው! እንዲህ የሚሠራ ሰው መካከላችን ካለ ጀልባ ነክቶ እንጀራ መብላት የለበትም!

ሲሊኮን ቀዳዳ አይደፍንም። ለሻወር ቤት ይሁን። ከእንጨቱ ጋር አይዋሃድም፣ ቀስ ብሎ ጠርዙን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ኢፖክሲም (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቀው ጠንካራ ሙጫ) ቀለምም አይዘውም። አንድ ጊዜ የተቀባ እንደሆነ ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እስኪያልቅ ድረስ ሥራ አትጀምሩ።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ አንኳኩ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ከጠረጠራችሁ ከውስጥ በኩል በቀጭን ትራፓን ብሱና የሚወጣውን ብናኝ እዩት። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጠቁሮ እርጥብ ከሆነ ብራኬቱን መልሱት። ያ ግድግዳ ሞተር አይሸከምም።

እንጨቱ ደህና ከሆነ አሮጌውን ቀዳዳ አስፉት። ጤነኛ እንጨት እስኪታይ ጥረጉትና ይድረቅ። በደንብ ይድረቅ! በጋው የተሰጠን ለዚህ ነው። አንዱን ወገን በፕላስተር ዝጉና ቀጭኑን ኢፖክሲ ቀቡት፤ እንጨቱ ይጠጣው። ከዚያ ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት ወይም በደቃቅ ሰጋቱራ አወፍሩት፤ ከማንኪያ እስከማይፈስ ድረስ። ያንን ጠቅጥቁበት። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ በአንዴ አትሙሉት፤ ብዙ ኢፖክሲ አንድ ላይ ሲሆን በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ላዩን በፋይበርግላስ ጨርቅ ሸፍኑት። ትልቅ ከሆነ ከመሸፈናችሁ በፊት ጠርዙን አዘቅዝቃችሁ ፋቁለት፤ ፋይበርግላሱ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው በዙሪያው 6 ሴንቲሜትር ያህል። ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም፣ ቀለም ይጠጣ።

ማጠንከሪያውን ደግሞ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ የሚያበዛ አለ። በፖሊስተር፣ በተለመደው የፋይበርግላስ ሙጫ፣ የለመድነው ነው። በኢፖክሲ ይህ አይሠራም። አምራቹ በጻፈው ልክ ካልተደባለቀ በደንብ አይጠነክርም።

አዲሶቹንም ቀዳዳዎች በዚሁ መንገድ አድርጓቸው። ብሎኑ 12 ሚሊሜትር ከሆነ 18 ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉ፣ ሲደርቅ መሃሉን መልሳችሁ በ12 ብሱት። ብሎኑ እንጨት ሳይነካ በኢፖክሲ ውስጥ ያልፋል። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን። ከውስጥ ሮንዴላ ብቻ አይበቃም፤ ሰፊ ላሜራ ይደረግበት። ማሸጊያው ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሪቴን ይሁን። ስታጠብቁ ብሎኑን ያዙና ዳዶውን አዙሩ፤ ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል።

ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባለ 40 ፈረስ የተባለው እዚህ 33 ያህል ነው። ስለዚህ ተለቅ ያለ ሞተር እንገዛለን። ባለ 40ው አራት ምት ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። አሁን ደግሞ ከጎኑ ሁለተኛ ሞተር፣ ያውም ወደ ኋላ በወጣ ብራኬት ላይ ልንሰቅል ነው። ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ግድግዳውን የሚፈነቅልበት ጉልበት ይጨምራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ቀለም የተቀባ የበሰበሰ ግድግዳም እንደዚያው ነው፤ እስከሚለቅ ድረስ ደህና ይመስላል።

የብረት ጀልባ ያላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ቀላል ነው። አሮጌውን ቀዳዳ በላሜራ አስበይዱ፤ በስቱኮ አትለፉት። ስለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬትና ስለ ነዳጅ ማስቀመጫ የተጻፈው ወረቀት ታድሏችኋል፤ እሱን አንብቡ።

ኢፖክሲው ውድ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ እናውቃለን። በየግላችን ከምንገዛ በማኅበራችን በኩል በአንድ ላይ እናስመጣ። ለመሥራት ለሚፈልግ ባለቤት እኔ በነፃ አሳያለሁ። ትራፓን ይዛችሁ ኑ።

አሁን ሐሳቤን ለድምፅ አቀርባለሁ። ማንኛውም ጀልባ ብራኬት ከመገጠሙ በፊት የኋላ ግድግዳው ራቁቱን ሆኖ ከማኅበሩ በተመረጡ ሁለት ሰዎች ይታይ። አሮጌ ቀዳዳው ካልተደፈነ ሰው አይጫን። በሲሊኮን ሸፍኖ የተገኘ ባለሙያ ደግሞ የማኅበራችንን ጀልባ ዳግመኛ አይንካ።

የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።