ጎጂራን ከማየታችን በፊት

እንደምን አመሻችሁ!

ብዙ አላቆያችሁም። «ጎጂራ» እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓን ውስጥ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ጎድዚላ በሚለው ስሙ ሳታውቁት አትቀሩም። ኋላ ላይ የመጡትን፣ ጭራቅ ከጭራቅ የሚደባደብባቸውን ፊልሞች አስባችሁ ከሆነ ለዛሬ ተዉአቸው። ይሄኛው ቀልድ አያውቅም።

በዚያው ዓመት ማርች 1 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባሉ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ከዚያ ራቅ ብለው ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ 23 ጃፓናውያን ላይ ነጭ አመድ ዘነበባቸው። ሁሉም ታመሙ፤ ከወራት በኋላ አንዱ ሞተ። ፊልሙ ኖቬምበር ላይ ሲወጣ ገና የሚጀምረው በምን መሰላችሁ? መርከበኞች አረፍ ባሉበት ባሕሩ በድንገት ቦግ ይላል፤ መርከባቸውም በእሳት ይጋያል። ተመልካቹ ማንን እንደሚያይ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ወታደር ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዓይኑ አይቷል። ለዚህ ይመስለኛል ካሜራው ከጭራቁ ይልቅ ሰዎቹ ላይ የሚቆየው። ቶኪዮ ስትቃጠል አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፣ አሁን አባታችሁ ጋ እንሄዳለን ትላቸዋለች። አባትየው የት እንዳለ ይገባችኋል። ቀጥሎ ሆስፒታል ነው። የጨረር መለኪያ ወደ አንድ ሕፃን ይጠጋል፤ መሣሪያው ይንጫጫል፤ ባለሙያው ራሱን ይነቀንቃል። እኔን እስካሁን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው እንጂ የጭራቁ ጥርስ አይደለም።

ጭራቁማ ጎማ ለብሶ የሚራመድ ሰው ነው። ሃሩዎ ናካጂማ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልብስ ለብሶ፣ በትንንሽ ሞዴል የተሠራችውን ከተማ ይረግጣል። አንዳንድ ቦታ መሳቅ ይፈቀዳል፤ እኔም እስቃለሁ። ድምፁ ሲመጣ ግን ሳቁ ይቆማል። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ነው። የጭራቁ ጩኸት የተሠራው ኮንትራባስ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ክር በቆዳ ጓንት ተፈትጎ፣ ቅጂው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ተደርጎ ነው።

ጭራቁን ሊገድል የሚችል መሣሪያ የሠራ አንድ ሳይንቲስትም አለ። ሰውየው መሣሪያውን መጠቀም ይፈራል፤ መንግሥታት እጅ ከገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ምን እንደሚወስን አልነግራችሁም።

በ1956 አሜሪካኖች ፊልሙን ቆራርጠው፣ ሬይመንድ በር የሚተውንበትን ትዕይንት ጨምረው አሳይተውታል። ዛሬ የምናየው ግን የጃፓኑን ነው፣ 96 ደቂቃ። ስልካችሁን አጥፉልኝ።